የጥልፍ መኪናዋ አርባ ቀን

እኛ ሰዎች መከራችንን ለመናገር አንሰስትም። ላማችን ስትታመም በጎረቤት አጥር ላይ ተንጠልጥለን እናወራለን። ወገባችንን ሲያመን ሕመሙ የት ጋ ጀምሮ የት ጋ እንደሚያልቅ ለማናውቀው መንገደኛ እያጎነበስን እናሳያለን። ያቺው ላም መንታ ስትወልድ ግን ድምፃችን ይጠፋል። «ላሚቱ እንዴት ናት?» ሲሉን፣ «አለች፣ ምን ትሆናለች» እንላለን። ጥጃዎቹ ከኋላችን እየዘለሉ፣ እኛ «አለች» ነው መልሳችን። ደስታችንን ጋቢ ሥር ሸጉጠን፣ ፊታችንን ኮሶ እንደጠጣ ሰው አጨማደን በገበያ መሀል እናልፋለን። ለምን? ዓይን። የሰው ዓይን።

በዚህ ጉዳይ እኔ ከማንም አላንስም። እንዲያውም እበልጣለሁ። አዲስ ጫማ ስገዛ መጀመሪያ ጭቃ አስነካዋለሁ። አንድ ጊዜ ከከላላ ገበያ የሰባ በግ ገዝቼ ስመለስ፣ ሰው እንዳያይብኝ ብዬ ጭንቅላቱን በጨርቅ ጠምጥሜ የታመመ አስመስዬ አመጣሁት። በጉ ጤነኛ ነበር። ሰፈሩ ግን ሳምንት ሙሉ «በጉ ተሻለው ወይ?» እያለ ጠየቀኝ፤ አንዲቱም መድኃኒት ቅጠል ይዛ መጣች። ከዚያ መማር ነበረብኝ። አልተማርኩም። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ነው።

ስሜ ይመር ነው። መካነ ሰላም ገበያ ዳር፣ በአንዲት ጠባብ በረንዳ ላይ፣ የእግር መኪና እየረገጥኩ ጎልምሼ እዚያው ሸመገልኩ። የተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቻለሁ፤ ሱሪ አሳጥሬያለሁ፤ የቄሱንም የሸኹንም ኪስ ጠግኛለሁ። የሁለቱም ኪስ የሚቀደደው አንድ ቦታ ነው፤ ከዚህ በላይ እንድናገር አታድርጉኝ። አሁን ዓይኔ ክር በመርፌ ቀዳዳ ማሳለፍ ስላቃተው ቤቴ ተቀምጬ እሰጋለሁ። ይህም ሥራ ነው። ጧት ተነሥቼ እጀምራለሁ።

ከስጋቶቼ ሁሉ ትልቋ ልጄ ጦይባ ናት። ሰባት ዓመት ዐረብ አገር በሰው ቤት ሠርታ ተመለሰች። የሌላው ሰው ልጅ ሲመለስ ወርቅ ወይም እንደ በር የሰፋ ቴሌቪዥን ያመጣል። የእኔዋ ሐሳብ ይዛ መጣች። እመቤቷ ልብስ ልታስጠልፍ ስትሄድ ዕቃ ተሸክማ ትከተላት ኖሯል፤ እዚያ ጥልፍ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት መርፌ ያላት፣ ቀለም ራሷ እየቀየረች አበባውን ራሷ የምትጠልፍ መኪና አየች።

«አባባ» አለችኝ አንድ ቀን፣ «እዚህ ሙሽራ ሁሉ ልብሷን የምታስጠልፈው ደሴ ድረስ ሄዳ ነው። ያጠራቀምኩትን በሙሉ ያቺ መኪና ላይ አውለዋለሁ። እስከ ጥር ሠርግ ድረስ እሞክራታለሁ። ካልሆነልኝ ሸጬ እመለሳለሁ። የዐረብ አገሩ ደላላ እንደሆነ በየሳምንቱ ይደውላል።»

«እመለሳለሁ» የሚለው ቃል አስፈራኝ። ሰባት ዓመት ስልክ በጮኸ ቁጥር እየተነሣሁ የተቀመጥኩ ሰው ነኝ። ስለዚህ መኪናዋን መግዛቱን አልተቃወምኩም። በጥንቃቄ ይሁን ብቻ አልኩ። ከጥፋቶቼ ሁሉ የመጀመሪያው ይኸው ነው።

አዲስ አበባ ወርደን ሻጩ ዘንድ ስንቀርብ ጥያቄዎቼን በደብተር ጽፌ ይዣለሁ። ሻጩ ሱሪው እግሩ ላይ የተሰፋ የሚመስል ጎረምሳ ነው።

«ስንት መርፌ ነው ያላት?»

«አሥራ ሁለት፣ ፋዘር።»

እኔን አንዷ መርፌ ዕድሜ ልኬን ጣቴን ስትወጋኝ ኖራለች። አሥራ ሁለት ሲሆኑ የልጄ እጅ ምን ሊተርፈው ነው ብዬ ደነገጥኩ። «ሁሉም ባንድ ጊዜ ይወጋሉ?» አልኩት።

«የለም፣ በየተራ ነው። እያንዳንዱ የራሱን ቀለም ይዞ ይጠብቃል። ቀዩ ሲጨርስ አረንጓዴው ራሱ ይገባል። ክር ልቀይር ብሎ የሚነሣ የለም።»

«መብራት ሲጠፋስ?»

«የት ላይ እንዳቆመች ታስታውሳለች። ሲመጣ ከዚያው ትቀጥላለች።»

ቀናሁ። እኔ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን ፈልጌ ተነሥቼ እንደነበር እንኳ አላስታውስም።

ሻጩ በለስላሳ ጨርቅ ላይ ጽጌረዳ አስጠልፎ አሳየን። በለስላሳ ጨርቅ ላይ ማን ሰነፍ አለ! እኔ ከከረጢቴ ከቤት የያዝኩትን የቡልኮ ቁራጭና የአሮጌ ካኪ ሱሪ እግር አወጣሁ። «በነዚህ ላይ ሞክራት» አልኩት። ሞከራት፤ መርፌም አልተሰበረም። ይህን ሙከራ ከሰዓት በኋላ አስደገምኩት፤ በማግሥቱም አስደገምኩት፤ ውጤቱ ይለወጥ እንደሆነ ብዬ። ቀጥዬ «ጠጋኟን ሳላይ አልገዛም» አልኩ። ጠሩልኝ። ምንም አልጠየቅኩትም፤ እጁን ብቻ አየሁት። ጥፍሩ ሥር ዘይት ነበር። አመንኩት። የጥልፍ መኪና ልትገዙ ካሰባችሁ ከዚህ ሁሉ ወሬ ይህችን ብቻ ያዙ፦ ጨርቃችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ የጠጋኙን ጥፍር እዩ።

ጦይባ አፍራ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ነበር። «አባባ» አለችኝ ቀስ ብላ፣ «እኔን ሲድሩ እንኳ ሰውዬውን ይህን ያህል አልጠየቁትም።»

«ለዚያ አይደል የፈረሰው» አልኳት።

መኪናዋ በአይሱዙ ተጭና በደሴ በኩል ወጣን። አቀስታ ስንደርስ፣ የዚያን አገር ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ጋቢዬን አውልቄ መኪናዋን ሸፈንኳት። ሹፌሩ «አባት፣ ብረት እኮ አይበርደውም» ብሎ ሳቀብኝ። «ውስጧ ኮምፒውተር ነው፣ አንተ ዝም ብለህ ንዳ» አልኩት። እየተንቀጠቀጥኩ።

አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ ደረስን። ያን የሚያህል ሣጥን በጠራራ ፀሐይ ሰፈር መሀል ሲወርድ ማን አያየውም? ሰው የማይኖርበት ሰዓት ፈለግሁ። ሰፈራችን ባዶ የሚሆነው ደግሞ ቀብር ሲኖር ብቻ ነው። ቅሬያችን፣ ስንታመም የሚሸከመን ስንሞት የሚቀብረን የሰፈር ማኅበር ማለቴ ነው፣ ከቀብር የቀረን ሰው አይምርም። እስላም ሆንክ ክርስቲያን፣ ሀብታም ሆንክ ደሀ፣ ቀብር ላይ ትገኛለህ። የሚታለፍልህ ቤትህ የታመመ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። እንደ ዕድል ሆኖ በዚያው ቀን ከወንዝ ማዶ አንድ ሽማግሌ አርፈው ነበር። (አላህ ይዘንላቸው፣ «እንደ ዕድል» ማለቴን ቤተሰባቸው እንዳይሰማ።)

ሹፌሩን ከከተማው ዳር አስቁሜ ለቅሬው ዳኛ ለአያ ሰይድ ደወልኩ። ከመደወሌ በፊት ግን ጦይባ እስክታስነጥስ ጠበቅኩ። ውሸት አልወድም። የአቀስታ ብርድ ገብቷት ስለነበር ብዙ አላስጠበቀችኝም፤ አንድ ጊዜ እንዳስነጠሰች፣ «አያ ሰይድ፣ ልጄን አሟት ነው የምቀረው» አልኩት።

«አብሽር፣ ያድናት» አለኝ። ሰፈሩ ቀብር ወጣ። እኛ መኪናዋን አወረድን።

ጓዳ ካስገባናት በኋላ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረድኩና ሕጌን ተናገርኩ። አርባ ቀን ማንም አያያትም። ሴት ስትወልድ ከነልጇ አርባ ቀን ከቤት አትወጣም አይደለም እንዴ? ቤታችንም አዲስ ነገር ገብቷል። እስኪጠና ድረስ ይደበቅ።

«አባባ፣ ሰው ሳያያት ሰው እንዴት ያዛታል?» አለች ጦይባ።

«አርባ ቀን ብቻ።»

ባለቤቴ ዘምዘም ሆዷን ይዛ ሳቀች። «እኔ ስድስት ስወልድ አንድ ጊዜ እንኳ አሥር ቀን አላሳረፈኝም» አለች፤ «ለብረቱ አርባ!»

ጦይባ ሽማግሌ አባቷን ላለማስከፋት ተቀበለች። ጧት ገብታ እስኪመሽ ከጓዳ አትወጣም፤ እየጠለፈች፣ እየፈታች፣ እንደገና እየጠለፈች ትለማመዳለች። መኪናዋ ጠጠጠጠ ትላለች፣ ትንሽ ታርፋለች፣ እንደገና ጠጠጠጠ። የአጥር ጎረቤታችን ፋጤ ጆሮዋ ከእኔ ስጋት አያንስም።

«ጦይባ እንዴት ዋለች?» ትለኛለች።

ምን ልበል? «አለች፣ ምን ትሆናለች።»

ይህን ስል ፊቴ እንዴት እንደነበር አላየሁትም። ዘምዘም ግን አይታዋለች፤ ለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ሰው ፊት ነበር አለችኝ። በማግሥቱ ፋጤ አጥሚት ላከች። በሳልስቱ ማር መጣ። ቀጥሎ እንቁላል፣ ቀጥሎ የዶሮ መረቅ። «አልታመመችም» ብዬ ብመልሰው፣ «ታዲያ ከቀብር ለምን ቀረህ?» ይመጣል። ብቀበለው ደግሞ የበሽተኛ ምግብ ለጤነኛ ልጅ ማብላት ደግ አልመሰለኝም። ስለዚህ እኔ በላሁት። አጥሚቱ ጥሩ ነበር። ልጅቱ ከዓይን ጠፍታ አባቷ ሲወፍር ሰፈሩ ምን እንዳሰበ እናንተው ገምቱ።

ቀኑ ሄደ። የደላላው ስልክ ይጮኻል፤ ጦይባ በጨለማ ጓሮ ወጥታ በሹክሹክታ ታነጋግረዋለች። በሠላሳኛው ቀን ግድም መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ፀጉሯ ላይ ቀይ ክር አለ።

«አባባ፣ ሙሽሮቹ ደሴ አዘው ሊጨርሱ ነው። አርባ ቀንዎ ሲያልቅ እኔ ለማን ልጠልፍ ነው? ደላላው ለጥር ቪዛ አለ ብሎኛል። ምን ልበለው?»

«ትንሽ ይጠብቅ በይው።»

«እሱ አይጠብቅም፤ እሱ እንደርስዎ አይደለም።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መኪናዋን ከሰው ዓይን ሳድን ልጄን በገዛ እጄ አውሮፕላን ላይ እያሳፈርኳት ነው። ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላንሣው ብዬ ተነሣሁ፤ መልሼ ተቀመጥኩ። ካነሣሁት ጤነኛ መሆኗ ይታወቃል። ያን የሚያህል አጥሚት ጠጥቼ ለሰፈሩ ምን ብዬ ልናገር? እንዲህ እየተነሣሁና እየተቀመጥኩ አራት ቀን ሄደ።

በሠላሳ አራተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተደበደበ። ስከፍት ቅሬው በሙሉ ደጄ ላይ ቆሟል። ፊት ለፊት አያ ሰይድ፣ አጭር ሰው ነው፣ ድምፁ ግን የሁለት ሰው ነው። ከጎኑ መሪጌታ ላቀው የጠበል ጠርሙስ ይዘዋል። ከኋላ አራት ጎረምሶች ቃሬዛውን ተሸክመዋል፤ ላዩ ላይ ነጩ አቡጀዲ ታጥቦ ተዘርግቷል። በሽተኛም ስንሸከም ሬሳም ስንሸከም የምናለብሰው ያንኑ ነው፤ ሁለት ጨርቅ ማውጣት ለምን ያስፈልጋል?

«ይመር!» አለ ሰይድ። «በቃ! ልጅቱን እቤት አስቀምጠህ ልትገድላት ነው? ባጃጅ በዚህ ጭቃ አይገባም፤ ሆስፒታል እኛ እናደርሳታለን። አውጣት!»

«ተሽሏታል» አልኩ። በሩን በሁለት እጄ ይዤ።

«ከተሻላት ይሄ የሚጮኸው ምንድነው?»

ፋጤ ከሰው መሀል እያለቀሰች ወጣች። «መተንፈሻዋ ነው! እኔ ነኝ የሰማሁት። ትንሽ ይቆማል፣ አለቀላት ስል እንደገና ይጀምራል። ስንት ቀን ነፍሴ ከነፍሷ ጋር ወጥታ ገባች!»

ከኋላዬ ጦይባ ብቅ አለች። በእጇ መቀስ፣ በአንገቷ ሜትር፣ በፀጉሯ የአሥራ ሁለት ዓይነት ቀለም ክር። ሰውን አየች። ቃሬዛውን አየች።

«ለማን ነው?» አለች።

«ላንቺ» አለ ሰይድ፣ ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀንሶ።

ወደ እኔ ዞረች። «አባባ፣ ስንት ቀን ነው የታመምኩት?»

«ሠላሳ አራት» አልኩ። ቁጥር ላይ አልዋሽም።

ማንም ሳይፈቀድለት ሁሉም ገባ። መኪናዋ ጽጌረዳ ላይ ነበረች። ቀዩ መርፌ ጨርሶ ቀጥ አለ፤ ራሷ ወደ ጎን ሄደች፤ አረንጓዴው ገባና ቅጠሉን ጀመረ። ያ ሁሉ ሰው አንገቱን አስግጎ አየ። ዓይን፣ ዓይን፣ ዓይን። ያን የሚያህል ዓይን ባንድ ጊዜ በአንዲት ፍጥረት ላይ ሲያርፍ አይቼ አላውቅም።

«ማሻላህ በሉ!» ብዬ ጮኽኩ።

ሁሉም ደንግጠው «ማሻላህ!» አሉ። መሪጌታም ጭምር። ያሉትን ለማስተካከል ይሁን ለመደገፍ፣ ጠርሙሱን ከፍ አድርገው መኪናዋን ሊረጩ እጃቸውን ሰነዘሩ። ዘልዬ ከፊታቸው ገባሁ።

«መሪጌታ፣ ኤሌክትሪክ ናት! እኔን ይርጩኝ!»

ረጩኝ። እጃቸው ለጋስ ነው፤ ጠርሙሱ እስኪያልቅ ረጩኝ። ከአጥሚቱ ጋር ሲደመር በዚያ ወር ጤናዬ እጅግ ጥሩ ነበር።

ከዚያ ፍርድ መጣ። ቅሬው እዚያው ጓዳ ውስጥ፣ ከፊሉ ቆሞ ከፊሉ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጦ ዋለ። ክሴ ሦስት ነው፦ ከቀብር መቅረት፣ ጤነኛ ልጅን ማሳመም፣ የሰውን አጥሚት መጠጣት። በመጨረሻው ላይ ፋጤ ብዙ ተናገረች። ዘምዘም ጠበቃ ትሆነኛለች ብዬ ሳያት እሷም መሰከረችብኝ፤ መረቁን ብቻዬን እንደጨረስኩት ሳይቀር።

ሰይድ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅጣቱ ይህ ነው። የቃሬዛችን ልብስ ከታችኛው ሰፈር ልብስ ጋር እየተቀያየረ ተቸግረናል። ባለፈው የእኛን ሰው የእነሱን አልብሰን ወደ ቀብር ወሰድን። ልጅቱ የቅሬያችንን ስም ትጥለፍበት። በነፃ።»

የመኪናዋ የመጀመሪያ ትዕዛዝ እንግዲህ ይህ ሆነ፤ ክፍያ የለው፣ ያውም የሬሳ ልብስ። ጦይባን አየኋት። ደላላውን የምታስብ መሰለኝ። እሷ ግን አቡጀዲውን በጣቶቿ ትዳስስ ነበር። «ስም ብቻ ይደርቃል» አለች፤ «ጌጥ ይኑረው።»

ጌጡ ሌላ ጣጣ አመጣ። አንዱ ጨረቃ አለ፤ አንዱ መስቀል አለ፤ አንዱ ሁለቱም ይሁኑ አለ። መሪጌታ «ቀድሞ የሚሞተው ከየትኛው ወገን እንደሆነ ይታወቃል ወይ?» ብለው ጠየቁ። ሁሉም ሌላው እንዲቀድም ነው የሚፈልገው። በመጨረሻ አበባ ይሁን ተባለ። አበባ የየትኛውም ወገን አይደለም።

ጦይባ ዙሪያውን በአሥራ ሁለቱም ቀለም ጠለፈችው። ሳምንት ሳይሞላው አንዲት የተከበሩ አሮጊት አረፉና ልብሱ ወጣ። ቀብር በእኛ አገር የሚሰበስበውን ሰው የትኛው ገበያ ይሰበስባል? ከከላላ የመጣ አለ፣ ከአቀስታ የመጣ አለ። ሴቶቹ እንባቸውን በነጠላ እየጠረጉ፣ በሌላው ዓይናቸው ቃሬዛውን ያያሉ። ከቀብር መልስ አንዷ ፋጤን ጠጋ ብላ «የማነው እጅ?» አለቻት። ፋጤ፣ ያቺ ያለቀሰችው ፋጤ፣ እጇን ይዛ በቀጥታ ወደ ጓዳችን አመጣቻት። ልጇ በጥር ሙሽራ ናት፤ ደሴ ልትሄድ ነበር፤ ቀረች። ቀጥሎ ሁለት መጡ። ቀጥሎ መሪጌታ ለደብሩ ካባ አዘዙ፤ መስቀሉን በወርቃማ ክር ጦይባ ልትጠልፍላቸው። ሐዘንተኛ ለቅሶ ደርሶ ሲመለስ የሠርግ ልብስ የሚያዝባት ብቸኛ ቤት ያለችው በዓለም ላይ መካነ ሰላም ይመስለኛል።

ደላላው በዚያው ሰሞን ደወለ። ጦይባ ያን ቀን ጓሮ አልወጣችም። እዚያው እንደቆመች፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ፣ «ወንድሜ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብላው ዘጋች። እኔ ከደጅ ሆኜ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ፋጤ በአጥር በኩል «ጦይባ እንዴት ዋለች?» ብትለኝ ግን፣ አትፍረዱብኝ፣ «አለች፣ ምን ትሆናለች» አልኳት።

የቃሬዛው ልብስ አሁን ከቀብር ሁሉ መልስ ለመታጠብ ወደ እኛ ቤት ይመጣል። ደርቆ ሲገባ ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ መነጽሬን አድርጌ፣ አበባ በአበባ እመረምረዋለሁ። የላላ ክር በጥፍሬ እፈልጋለሁ። ትናንት ጦይባ አየችኝ።

«አባባ፣ ምን ይፈልጋሉ እዚያ ላይ?»

«ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ዝናብ ቢወርድበትም አይለቅም። ደግሞ ቢለቅስ፣ እርስዎን ምን አስጨነቀዎ?»

ልጅ ናት፤ አልገባትም። ያንን ልብስ አንድ ቀን የምለብሰው እኔ ነኝ። በዚያን ቀን አገር ሁሉ ወጥቶ ዓይኑን ይጥልብኛል፤ ማሻላህ በሉ የምልበት አፍ ደግሞ አይኖረኝም።